ማይክል ፋራዴይ፤ ከእንቅስቃሴ ኤሌክትሪክን ያወጣ ሊቅ



በዚህ ዓመት በፊዚክስ ትምህርት ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ምንጮች ስንማር፣ ከወንዝ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ሌላ ከባሕር ሞገድም ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል ተነገረን። ይህንንም በሰማን ጊዜ ከክፍላችን ልጆች ብዙዎቹ፣ ትምህርቱ የባሕር ጠረፍ ላላቸው ሕዝቦች እንጂ ለእኛ የማይረባ መሆኑን ተናገሩ። ሐሳባቸው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ከካዛንቺስ ተነሥቶ ሞገድ ለማየት የሚሻ ሰውም አገር አቋርጦ እስከ ጅቡቲ መውረድ አለበት።

ነገር ግን ኤሌክትሪክ ከየት ይገኛል ብሎ ከመጠየቅ በፊት እንዴት ይገኛል ብሎ መጠየቅ የሚቀድም ይመስለኛል። ይህንን ሁለተኛውን ጥያቄ ለዓለም የመለሰው ሰው ማይክል ፋራዴይ ይባላል። ስለዚህ ለጓደኞቼ በክርክር ከምመልስ ይልቅ የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ ልተርክላቸው መረጥሁ። ዘመኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ዓ.ም. በማለት ለይቼዋለሁ።

ማይክል ፋራዴይ በሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 በለንደን ከተማ ጠርዝ፣ ኒውንግተን በተባለ ሰፈር ተወለደ። በዚያን ጊዜ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። አባቱ ጄምስ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በእኛም አገር ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪና ፋቂ እየተባለ የእጅ ሠራተኛ ሲናቅ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ስድብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስለዚህ ነው። የፋራዴይ አባት ግን ከድኽነቱ በላይ በሽተኛ ስለ ነበረ ሥራውን ዘወትር ሊሠራ አልቻለም። በ1801 እህል በተወደደ ጊዜ ለትንሹ ማይክል ለአንድ ሳምንት የሚሰጠው ምግብ አንድ ዳቦ ብቻ ነበር። ትምህርቱም ማንበብና መጻፍ፣ ጥቂትም ሒሳብ ከመቁጠር አላለፈም።

ዐሥራ ሦስት ዓመት በሞላው ጊዜ፣ በ1804፣ ጆርጅ ሪቦ በሚባል መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ዘንድ ተላላኪ ሆኖ ገባ። ሥራውም ለደንበኞች ጋዜጣ ማድረስና መልሶ መሰብሰብ ነበር። በዓመቱ ሪቦ የልጁን ታማኝነት አይቶ፣ ለሰባት ዓመት የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ እንዲማር ያለ ክፍያ ተቀበለው። ማይክል መጻሕፍቱን በመርፌና በሙጫ እየጠረዘ፣ ውስጣቸውን ደግሞ ያነብ ጀመር። ከሚጠረዙት መካከል አንድ ታላቅ ኢንሳይክሎፒዲያ ነበረና በውስጡ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን ባነበበ ጊዜ ልቡ ተማረከ። ደግሞም ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ስለ ኬሚስትሪ ለጀማሪዎች የጻፈችውን መጽሐፍ አገኘ። ያነበበውን ሁሉ እንዲሁ አላመነም፤ ከደመወዙ በቆጠባት ሳንቲም ጠርሙስና ሽቦ እየገዛ፣ መጽሐፉ እውነት መናገሩን በሙከራ ይፈትን ነበር።

እዚህ ላይ ወላጆችና መምህራን እንዲያስተውሉት የምሻው ነገር አለ። ፋራዴይ በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ሆኖም ጥረቱ ፍሬ ያፈራው የሌሎች እጅ ስለ ተዘረጋለት ነው። ጌታው ሪቦ በሥራ ሰዓት ስላነበበ አልገሠጸውም። በለንደን ማታ ማታ የሳይንስ ንግግር የሚደረግበት ቤት ነበረ፤ መግቢያውም አንድ ሽልንግ ነው። ይህን ሽልንግ እየከፈለ የላከው እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነበር። በ1812 ደግሞ ዊልያም ዳንስ የተባለ የሪቦ ደንበኛ፣ የዘመኑ ታላቅ የኬሚስትሪ ሊቅ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጠውን ንግግር የሚሰማበት የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ እነዚህ ትንንሽ ቸርነቶች ተባብረው ዓለምን የለወጠ ሰው አፈሩ።

ማይክል የዴቪን አራት ንግግሮች ሰምቶ በጥንቃቄ ጻፈ፤ ሥዕልም ጨመረበት፤ ከዚያም በተማረው ሙያ አሳምሮ ጠርዞ ለዴቪ ላከው። ዴቪ በዚያው ሰሞን በላቦራቶሪ ፍንዳታ ዐይኑ ተጎድቶ ስለ ነበር ለጥቂት ቀን የሚጽፍለት አድርጎ ቀጠረው። ቆይቶም የላቦራቶሪው ረዳት ከሥራ ሲሰናበት ቦታውን ለማይክል ሰጠው። በማርች 1813 ወጣቱ ጠራዥ በሳምንት 25 ሽልንግ ደመወዝና ሁለት ክፍል መኖሪያ ተሰጥቶት ወደ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ገባ። በዚያው ዓመት መኸር ዴቪን ተከትሎ አውሮፓን ለመጎብኘት ወጣ፤ በጉዞውም የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ትቈጥረው ስለ ነበር ብዙ ኀዘን ደረሰበት። ሥራውን ጥሎ ለመመለስ እስኪያስብ ድረስ ቢመረውም፣ የፈረንሣይንና የኢጣልያን ሊቃውንት በቅርብ ማየቱን አልናቀም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1820 ኤርስቴድ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ፣ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የተቀመጠ የኮምፓስ መርፌ ሲዞር አየ። በዚህም ኤሌክትሪክ የማግኔትን ኃይል እንደሚያስገኝ ታወቀ። ፋራዴይ በ1821 ይህንኑ መርምሮ፣ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ ያለማቋረጥ እንዲዞር አደረገ፤ ይህም የዛሬው የኤሌክትሪክ ሞተር መነሻ ሆነ። ነገር ግን አእምሮው በተቃራኒው ጥያቄ ተያዘ። ይኸውም ኤሌክትሪክ ማግኔትን ካስገኘ፣ ማግኔት ደግሞ ኤሌክትሪክን ስለ ምን አያስገኝም የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ዐሥር ዓመት ያህል በልቡ ይዞ፣ ጊዜ ባገኘ ቍጥር እየሞከረ፣ ውጤት ሳያገኝ ቈየ።

በኦገስት 29 ቀን 1831 ከብረት ቀለበት ላይ ሁለት የመዳብ ሽቦዎችን ለየብቻ ጠመጠመ። አንዱን ከባትሪ፣ ሁለተኛውን ኤሌክትሪክ መኖሩን ከሚያሳይ መርፌ ጋር አያያዘ። ባትሪውን ባገናኘ ጊዜ መርፌው ድንገት ተንቀሳቀሰና ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ባትሪውን በለየም ጊዜ እንደገና ተንቀሳቀሰ። በመካከሉ ግን ባትሪው እንደ ተገናኘ እያለ መርፌው ጸጥ ብሎ ይቆማል። ፋራዴይ ከዚህ የተረዳው፣ ኤሌክትሪክን የሚያስገኘው የማግኔቱ መኖር ሳይሆን የማግኔቱ መለወጥ መሆኑን ነው። በኦክቶበር 17 ቀን ባዶ የሽቦ ጥቅል ውስጥ ማግኔት ሲያስገባና ሲያስወጣ ኤሌክትሪክ ተገኘ። በኦክቶበር 28 ቀን ደግሞ በታላቅ ማግኔት ጫፎች መካከል የመዳብ ሰሐን በመዘውር እያዞረ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ አወጣ። ይህ ሰሐን በዓለም የመጀመሪያው ጄኔሬተር ነው።

እኛም በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ይህንኑ በዐይናችን አይተናል። መምህራችን የሽቦ ጥቅልና አንድ ማግኔት አቀረቡልን፤ እያንዳንዳችንም በተራ ሞከርን። ማግኔቱን ወደ ውስጥ ስንገፋው መርፌው ወደ አንድ ወገን፣ ስንስበው ወደ ሌላ ወገን ይሄዳል። በጥቅሉ ውስጥ ትተነው እጃችንን ስናነሣ መርፌው ዜሮ ላይ ይቆማል። ፈጠን ብለን ስናንቀሳቅሰው ይበልጥ ይዘላል። እኔ በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ይህ ነው፤ ማግኔቱን የሚያንቀሳቅሰው የእኔ እጅ ይሁን፣ የወንዝ ፏፏቴ ይሁን፣ የነፋስ ክንፍ ይሁን ወይም የባሕር ሞገድ፣ ለሽቦው ምንም ልዩነት የለውም። ሽቦው የሚያውቀው እንቅስቃሴን ብቻ ነው።

ፋራዴይም ራሱ ወዲያው ወደ ውኃ ሄደ። ምድር ራሷ ታላቅ ማግኔት ናት፤ ውኃም ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል፤ እንግዲያስ የሚፈስ ወንዝ በምድር ማግኔት ላይ ሲያልፍ በውስጡ ኤሌክትሪክ ሊገኝ ይገባል ብሎ አሰበ። በጃንዋሪ 1832 በቴምዝ ወንዝ ላይ ወደ ተሠራው ዋተርሉ ድልድይ ወጣ። 290 ሜትር ያህል የሚረዝም የመዳብ ሽቦ በድልድዩ መከለያ ላይ ዘረጋና፣ ከሽቦው ጫፎች ላይ ሰፋፊ የመዳብ ሰሌዳዎች አስሮ በሁለት ወገን ወደ ውኃው አወረደ። ቴምዝ ወደ ባሕር የሚፈስ ወንዝ ሲሆን የባሕሩ ውኃ ሲሞላ ወደ ኋላ ይመለሳልና፣ ፋራዴይ ውኃው ሲወርድም ሲወጣም መርፌውን ተመለከተ። ሦስት ቀን በክረምት ብርድ ደከመ። መርፌው አንዳንድ ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ነገር ግን የእንቅስቃሴው ምክንያት የውኃው ቆሻሻ፣ የሰሌዳዎቹ አለመመሳሰልና የሙቀት ልዩነት መሆኑን ስለ ተረዳ፣ የፈለገውን አገኘሁ ሊል አልደፈረም። ያላገኘውንም እንዳላገኘ አድርጎ በጽሑፍ አሳወቀ።

ይህን ክፍል ካነበብኩት ሁሉ አብልጬ የወደድሁት ስለ ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ፋራዴይ የአርባ ዓመት ሰውና ታዋቂ ሊቅ ነው። በመላው ለንደን ፊት ድልድይ ላይ ወጥቶ ሽቦ ሲዘረጋ፣ ውጤት ሳያገኝ ቢመለስ የሚደርስበትን ሐፍረት አላሰበም። ሐሳቡም ስሕተት አልነበረም፤ ጎዶሎው መሣሪያው ነበር። በእንግሊዝና በፈረንሣይ መካከል በባሕር ሥር የቴሌግራፍ ገመድ ከተዘረጋ በኋላ፣ የባሕሩ ውኃ ሲሞላና ሲጎድል በገመዱ ውስጥ እውነትም ኤሌክትሪክ መኖሩ ታየ። ስለዚህ ያልተሳካ ሙከራ ሁሉ ከንቱ ድካም አይደለም።

ፋራዴይ ከባሕር ጋር የነበረው ነገር በዚህ አላበቃም። ከ1836 እስከ 1865 የእንግሊዝን የባሕር መብራቶች የሚያስተዳድረው ትሪኒቲ ሐውስ የሳይንስ አማካሪ ሆኖ አገለገለ። የባሕር መብራት ማለት በጠረፍ ላይ በቆመ ግንብ ራስ እየበራ መርከቦች በሌሊት ከዓለት ጋር እንዳይላተሙ የሚመራ መብራት ነው። እስከዚያ ጊዜ የሚበራው በዘይት ነበር። በዲሴምበር 1858 ግን ሳውዝ ፎርላንድ በተባለው ጠረፍ፣ በእንፋሎት ሞተር ከሚዞሩ ማግኔቶች የመነጨ ኤሌክትሪክ ግንቡን አበራ። በ1860 ፋራዴይ ይህን መብራት ለመመርመር ሲሄድ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ነበር። እርሱም ስልሳ ስምንት ዓመቱ ሲሆን፣ አጥርና ግንብ እየዘለለ፣ በእርሻ ውስጥ እያቋረጠ በእግሩ ደረሰ። በለንደን ክፍሉ ውስጥ በትንሽ መርፌ ያየው ኃይል፣ አሁን ለመርከበኞች ነፍስ አዳኝ ሆኖ አየው።

ስለ ጠባዩም ጥቂት ልበል። ፋራዴይ ለፋብሪካዎች ምክር በመስጠት ብዙ ገንዘብ ሊያገኝ ይችል ነበር፤ ለምርምር ጊዜ እንዳያጣ ሲል ይህን ገቢ ተወ። የሰር ማዕረግ አልፈለገም፤ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ሁለት ጊዜ ቢጠየቅ አልተቀበለም። ለወጣቶች ግን በየዓመቱ በገና ሰሞን የሚሰጠውን የሳይንስ ንግግር ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰጠ፤ ድኻ ሳለ ንግግር በመስማት የተማረ ሰው፣ የተቀበለውን ለልጆች መለሰ። ከፍተኛ ሒሳብ ስላልተማረም የማግኔትን ኃይል የሚያስበው ከማግኔቱ ወጥተው አየሩን እንደሚሞሉ መስመሮች አድርጎ ነበር። ብዙ ሊቃውንት ይህን ሐሳብ ችላ ቢሉትም፣ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የተባለው ወጣት ሊቅ ሐሳቡን ወደ ሒሳብ ቀመር ለወጠው። ሬድዮም የመጣው ከዚያ ቀመር ነው።

በመጨረሻ ዕድሜው የማስታወስ ኃይሉ ደከመ። ንግሥት ቪክቶሪያ በሰጠችው ሃምፕተን ኮርት በተባለው ስፍራ ባለ ቤት ተቀምጦ፣ በኦገስት 25 ቀን 1867 ዐረፈ፤ በለንደን ሃይጌት መቃብር ያለ ብዙ ሥርዐት ተቀበረ። በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ መንግሥት ወደ መቅደላ የሚዘምት ጦር ያሰናዳ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ አጥብቀው የሚሹት ብልኀተኛና ሙያተኛ ሰው እንደ ነበረ፣ በጋፋትም ፈረንጆችን ሰብስበው መድፍ እንዳሠሩ ሁላችንም ተምረናል። ፋራዴይ በሞተ በስምንተኛው ወር፣ በኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ እሳቸውም መቅደላ ላይ ሞቱ። ከእንግሊዝ አገር ያን ጊዜ ወደ እኛ የመጣው ጦር ሆነ፤ የፋራዴይ ዕውቀት የደረሰን ዘግይቶ ነው።

ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ። ከካዛንቺስ ከፍ ብሎ በሚገኘው በምኒልክ ቤተ መንግሥት የኤሌክትሪክ መብራት ሲበራ አዲስ አበባ ገና አዲስ ከተማ ነበረች። ከዚያም አቃቂ ወንዝ በአባ ሳሙኤል፣ አዋሽም በ1960 በቆቃ ተገድበው ኤሌክትሪክ አመነጩ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ታላቁ ሕዳሴ ግድብም ዐሥራ ሦስት ተርባይኖች ይዞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ የሚዞረው ነገር ከ1831 የመዳብ ሰሐን ጋር አንድ ሕግ ይጠብቃል። በቂርቆስ መብራት ሲጠፋ በሆቴሎች ደጅ የሚያጓራው ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ አንዱን ውኃ፣ ሌላውን ናፍጣ ማዞሩ ብቻ ነው።

የባሕር ሞገድም ከዚህ ሕግ አይወጣም። ፀሐይ አየርን ታሞቃለች፤ አየሩ ነፋስ ይሆናል፤ ነፋሱ የባሕሩን ገጽ እየገፋ ሞገድ ያስነሣል። ሞገድን ሥራ ለማሠራት የታሰበው ገና ከፋራዴይ ግኝት በፊት ሲሆን፣ በ1799 ዢራር የተባለ ፈረንሣዊ መሐንዲስ ከልጁ ጋር ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ፓተንት ጠይቋል፤ ሐሳባቸው ግን ፓምፕና መጋዝ ማንቀሳቀስ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ዮሺዮ ማሱዳ የተባለ ጃፓናዊ፣ በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ የመርከብ ምልክቶች መብራታቸውን ከሞገድ እንዲያገኙ አደረገ። በ2011 ደግሞ በስፔን ሙትሪኩ በተባለ ወደብ፣ ሞገድ በግንብ ክፍሎች ውስጥ ያለውን አየር ሽቅብ እየገፋና ቍልቍል እየሳበ ዐሥራ ስድስት ተርባይኖችን የሚያዞርበት ጣቢያ ተከፈተ። ኃይሉ ወደ 300 ኪሎዋት ብቻ ስለ ሆነ ከሕዳሴ ጋር አይወዳደርም። የባሕር ጨው ብረትን ይበላል፤ ማዕበልም መሣሪያን ይሰብራል። ዓለም በዚህ ሥራ ላይ ገና በዋተርሉ ድልድይ ላይ እንዳለ ሰው ነው ለማለት ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ጓደኞቼ ሐሳብ ልመለስ። ባሕር የሌለን መሆናችን እውነት ነው። ፋራዴይም ግን ማዕድን ወይም ፏፏቴ፣ ርስት ወይም ሀብት አልነበረውም። የነበረው አንድ ጥያቄና ብርቱ ትዕግሥት ነው። የባሕር ዳር አገር ልጅ ሞገድን በየቀኑ እያየ ላይጠይቅ ይችላል፤ ባሕር ያላየ የኢትዮጵያ ልጅ ደግሞ ሕጉን ዐውቆ የተሻለውን ተርባይን ሊሠራ ይችላል። ተርባይኑም በኦሞ ቢዞር በግልገል ጊቤ፣ ወይም ወደፊት በሌላ ሕዝብ ጠረፍ ላይ፣ ዕውቀቱ የሠሪው ነው። በትምህርት የቀረበልንን ነገር አሁን ካለን ሀብት ጋር ብቻ እየመዘንን የማይረባ ያልነው እንደ ሆነ፣ ነገ የሌሎች ሰዎችን መሣሪያ ከመግዛት በቀር ሌላ ዕድል አይኖረንም።

ይህንን የምለው ለራሴም ጭምር ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመልቀቂያ ፈተና እንወስዳለን፤ የምንማረውንም ትምህርት እንመርጣለን። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ከክፍል ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ከእነርሱም ውስጥ ሌሊት መብራት ሲጠፋ በሻማ የሚያጠኑ፣ በማለዳም ሁለት ታክሲ ለውጠው የሚመጡ አሉ። እኔ የኤሌክትሪክ ምሕንድስናን ለመማር ቍርጥ ሐሳብ ያደረግሁት ይህን በማየት ነው። ለእነዚህ ጓደኞቼ የፋራዴይን ታሪክ መንገሬ ድኽነት ይረዳል ለማለት አይደለም፤ ድኽነት ማንንም አይረዳም። ፋራዴይን የረዳው የወንድሙ ሽልንግ፣ የጌታው ፈቃድና የአንድ ደንበኛ የመግቢያ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችን ለመጽሐፍ የምታወጡት ብር፣ መምህሮቻችን ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራውን የምትከፍቱበት ቍልፍ፣ ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት። እኛም ተማሪዎች በበኩላችን፣ መርፌው ባልተንቀሳቀሰ ጊዜ ሙከራውን ጥለን እንዳንሄድ አደራ እላለሁ።